ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ጉዞውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ራሳችሁ የምታሰሉበት ዝርዝር መመሪያ

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሜሪካ ስትመጣ «13 ሰዓት ብቻ ነው፣ አይዞሽ» አልኳት። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ነው ያየሁት። ሌሊቱን ሙሉ ስትበር አደረች። ንጋት ላይ አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመቅዳት መሀል መንገድ ላይ ሲያርፍ «ደረስኩ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ተነስታ ቆመች። አስተናጋጇ መጥታ «እማማ፣ ገና ነው፣ ይቀመጡ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ገና ስምንት ሰዓት ያህል በረራ ይቀራት ነበር። እግሯ አብጦ ነው የወረደችው።

13 ሰዓቱ ውሸት አልነበረም። ግን የመልሱ ጉዞ ሰዓት ነው፣ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ። እኔ መሄጃውና መመለሻው እኩል ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሰው ከመላኬም ሰው ከመቀበሌም በፊት ሁሉንም ራሴ አሰላለሁ። እንዴት እንደማሰላው ከታች በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ምሳሌዬ የአዲስ አበባና የዋሽንግተን መንገድ ነው፣ አሠራሩ ግን ለቴል አቪቭም፣ ለዱባይም፣ ለባሕር ዳርም ያው ነው።

1. መጀመሪያ ኤርፖርቱን ለዩ

ርቀት የሚለካው ከከተማ ወደ ከተማ ሳይሆን ከማኮብኮቢያ ወደ ማኮብኮቢያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ችግር የለም፣ ቦሌ ነው። ዋሽንግተን ግን በአካባቢው ሦስት ኤርፖርት አለ። ደላስ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፣ ከመሀል ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ። ሬገን እዚያው ከተማው አጠገብ ወንዙ ዳር ነው። ሦስተኛው የባልቲሞር ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው በረራ የሚያርፈው ደላስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዋሽንግተኑ ደላስና የቴክሳሱ ዳላስ በእኛ አፍ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ሁለቱም ጋ ደግሞ ብዙ ሐበሻ አለ። በመካከላቸው ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር አለ። ስለዚህ በስልክ «ደላስ ነው የምወርደው» የሚል ዘመድ ካላችሁ ትኬቱን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ አድርጉ። ትኬቱ ላይ የኤርፖርቱ ሦስት ፊደል ምልክት አለ። የዋሽንግተኑ አይኤዲ፣ የቴክሳሱ ዲኤፍደብሊው፣ የቦሌው ኤዲዲ ነው።

2. ርቀቱን ለኩ

ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ካርታ አትለኩ። በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ድረስ ማስመሪያ ብታስቀምጡ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታንያ አድርጎ አትላንቲክን ይሻገራል። ቀጥ ያለና አጭር ይመስላል። ግን ምድር ድቡልቡል ናት፣ ካርታው ደግሞ እሷን ዘርግቶ ያሳያል። በዚያ መስመር ብትሄዱ 12,090 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እውነተኛው አጭር መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ልዩነት አለው።

አጭሩን መንገድ በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሉል ፈልጉ፣ ትምህርት ቤት የምናውቀውን። የክር አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ አድርጉና ክሩን ወጥሩት። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል። ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አልፎ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አድርጎ ውቅያኖሱ ላይ ይገባል። ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ ሞክሩት፣ እኔ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሉል ከሌለ ጉግል ማፕስን በኮምፒውተር ክፈቱ። ቦሌ ኤርፖርት ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጫኑና ርቀት መለኪያውን ምረጡ፣ ከዚያ ደላስ ላይ ጠቅ አድርጉ። ኪሎ ሜትሩም ማይሉም ይመጣል። መስመሩ ካርታው ላይ ጎብጦ ከታያችሁ አትደንግጡ፣ ትክክለኛው እሱ ነው።

በእጃችሁ ማስላት ለምትወዱ ደግሞ አሠራሩ እነሆ። ሳይን እና ኮሳይን ያለው ካልኩሌተር ያስፈልጋል፣ የስልኩም ይሆናል። ካልኩሌተሩ በዲግሪ መቁጠሩን አረጋግጡ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቦሌ ኬክሮሱ 8.98 ሰሜን፣ ኬንትሮሱ 38.80 ምሥራቅ ነው። ደላስ 38.94 ሰሜን፣ 77.46 ምዕራብ። አንዱ ምሥራቅ ሌላው ምዕራብ ስለሆነ ኬንትሮሶቹን ደምሩ፣ 116.26 ይመጣል። ሁለቱም ምሥራቅ ቢሆኑ ኖሮ ትቀንሱ ነበር።

የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን አባዙ፣ 0.098 ይሆናል። የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይን አባዙና ውጤቱን በ116.26 ኮሳይን አባዙት፣ −0.340 ይሆናል። ሁለቱን ደምሩ፣ −0.242። አሁን ወደ ኋላ የሚመልሰውን የኮሳይን ቁልፍ (cos⁻¹ የሚለውን) ተጫኑ፣ 104 ዲግሪ ገደማ ይሰጣችኋል። ምድር ላይ አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አባዙት፣ 11,560 አካባቢ ይመጣል። በማይል 7,180 ገደማ ነው። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በእሱ 6,240 ይሆናል። ሦስት የተለያየ ቁጥር ሦስት ቦታ ላይ ካያችሁ አንዱ ተሳስቶ ላይሆን ይችላል፣ መለኪያቸው ተለያይቶ ነው።

3. አውሮፕላኑ የሚሄድበትን መንገድ አስቡ

የለካችሁት አጭሩን መንገድ ነው። አውሮፕላን ግን ሁልጊዜ በአጭሩ መንገድ አይሄድም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተነሳው ጦርነት የሀገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን በመዘጋቱ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚወጣ በረራ ሱዳንን ለመዞር ተገዷል። ሊቢያንም የሚሸሿት ብዙ ናቸው። አጭሩ ክር ደግሞ የሚያልፈው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። ስለዚህ ለረጅም በረራ እኔ ከለካሁት ላይ 5 በመቶ እጨምራለሁ፣ 11,560 ወደ 12,100 ያድጋል ማለት ነው።

ሌላው የማረፊያ ነገር ነው። የዋሽንግተን በረራ በየጊዜው በሮም፣ በአየርላንዷ ደብሊን፣ በቶጎዋ ሎሜ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። ካርታ ላይ ስታዩት ሎሜ ወደ ምዕራብ ቀጥታ መንገድ ላይ ያለች ትመስላለች፣ ደብሊን ደግሞ ያለ አግባብ ወደ ሰሜን የወጣች። ስትለኩት ግን ተቃራኒው ነው። አዲስ አበባ ደብሊን 6,365፣ ደብሊን ዋሽንግተን 5,465 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምሩ 11,830፣ ከአጭሩ መንገድ 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ይበልጣል። አዲስ አበባ ሎሜ 4,150፣ ሎሜ ዋሽንግተን 8,600 ነው። ድምሩ 12,750፣ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለዚህ ነው ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በየት በኩል እንደሚያልፍ መጠየቅ ያለባችሁ።

ስትጠይቁ ደግሞ ቃሉን አጥሩት። «ቀጥታ በረራ» ሲሏችሁ «መሀል ላይ ያርፋል ወይስ አያርፍም?» በሉ። የበረራ ቁጥሩ ካልተቀየረ መሀል ላይ አርፎ ነዳጅ ቢቀዳም ቀጥታ ይሉታል። እናቴ የተሳፈረችበትም «ቀጥታ» ነበር።

4. ርቀቱን ወደ ሰዓት ለውጡ

ትልልቆቹ ጄቶች ከፍታ ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ንፋሱ ግን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፣ በተለይ አትላንቲክ ላይ ከላይ በኩል ኃይለኛ ነው። ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ከኋላ ሆኖ ያግዛችኋል። ስለዚህ በግምት እንዲህ ቁጠሩ፦ ወደ ምዕራብ በሰዓት 850፣ ወደ ምሥራቅ 950፣ ወደ ሰሜንና ደቡብ 900። ለማኮብኮብ፣ ለመውጣትና ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።

ወደ ዋሽንግተን፦ 12,100 ለ850 ሲካፈል 14.2 ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 14.7። መሀል ላይ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳበት አንድ ሰዓት አለ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጨማሪ መውረድና መውጣት አለ፣ እሱም ግማሽ ሰዓት ነው። ጠቅላላው 16 ሰዓት ከሩብ ገደማ።

ወደ አዲስ አበባ፦ 12,100 ለ950፣ 12.7 ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 13 ሰዓት ከሩብ ገደማ።

ሦስት ሰዓት ልዩነት። አንድ ዓይነት መንገድ፣ አንድ ዓይነት አውሮፕላን።

ለምን ስንሄድ ብቻ መሀል ላይ ያርፋል የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከንፋሱም በላይ ትልቁ ምክንያት ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ እንደ ልብ አይገፋም፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል። ሰውም ሻንጣም ሙሉ ጭኖ፣ እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅም ሞልቶ ከዚያ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አርፎ ይቀዳል። ደላስ ግን ከባሕር ወለል 95 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳና፣ ንፋሱም ስለሚያግዘው፣ ያለ ማረፊያ ቦሌ ይገባል።

ለአጭር በረራ ይህን ያህል አትጨነቁ። አዲስ አበባ ቴል አቪቭ 2,590 ኪሎ ሜትር፣ አዲስ አበባ ዱባይ 2,520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለቱንም 4 ሰዓት ብላችሁ ያዙ። ባሕር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና ግን ወደ 550 ነው። በረራው አንድ ሰዓት ቢባልም ግማሹ መውጣትና መውረድ ነው።

ስሌታችሁን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ፍላይትራዳር24 በሚባለው የበረራ መከታተያ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ የበረራ ቁጥሩን ጻፉ። ያለፉት ቀናት በረራ በስንት ሰዓት እንደተነሳና እንደደረሰ ያሳያችኋል። የተጻፈውን ሳይሆን የሆነውን ነው የምታዩት።

5. ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት አንብቡ

ትኬት ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ሁለቱን ዝም ብላችሁ ብትቀንሱ የማይሆን ቁጥር ታገኛላችሁ። ቀላሉ መንገድ ሁለቱንም ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ማምጣት ነው።

ለምሳሌ በሐምሌ ወር፣ ከአዲስ አበባ መነሻ 22:45፣ ዋሽንግተን መድረሻ በማግስቱ 08:15 ይላል እንበል። በበጋቸው ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። 08:15 ላይ 7 ጨምሩ፣ 15:15። ከ22:45 እስከ 15:15 ድረስ 16 ሰዓት ተኩል ነው። ከላይ በግምት ካገኘነው ጋር ሲገጥም አያችሁ።

በክረምታቸው ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ የምትመልሰው በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው። አውሮፓ ግን በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ነው የሚቀይረው። በመካከል ባሉት ሳምንታት ለሚጓዝ፣ በተለይ አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ለሚቀይር፣ በልምድ የሚያውቀው ልዩነት በአንድ ሰዓት ይሳሳትበታል። እስራኤልም ትቀይራለች፣ በበጋ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት፣ በክረምት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ናቸው። ኤሚሬትስና ኦማን አንድ ሰዓት ይቀድሙናል።

6. ወደ እኛ ሰዓት ስትቀይሩ በእኩለ ሌሊት ተጠንቀቁ

ከ7 እስከ 18 ያለውን 6 ቀንሱ። ከ19 እስከ 23 ያለውን 18 ቀንሱ። ከ0 እስከ 6 ያለውን 6 ጨምሩ። 22:45 ማታ 4:45 ነው። 08:15 ጠዋት 2:15። 00:40 ሌሊት 6:40።

ይህ የመጨረሻው ነው ሰው የሚጎዳው። እህቴ ከዕረፍት ወደ ሥራዋ፣ ወደ ዓረብ ሀገር፣ ስትመለስ ትኬቷ «ኦክቶበር 15፣ 00:40» ይል ነበር። ኦክቶበር 15 ጥቅምት 5 ነው ብለን፣ ጥቅምት 5 ከሰዓት ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ተላቅሰን ማታ 3 ሰዓት ቦሌ ደረስን። በሩ ላይ የቆመው ልጅ ትኬቷን ሁለት ጊዜ አየውና «እህቴ፣ ይሄ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አላት። ሻንጣውን እንደያዝን ቀረን። ትኬት ለመቀየር የከፈለችው ገንዘብ የስንት ወር ቁጠባዋ ነበር።

በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በእኛ ልማድ ደግሞ ሌሊቱ ሳይነጋ አዲስ ቀን ገባ አንልም። ስለዚህ ትኬት ላይ ሰዓቱ ከ00:00 እስከ 06:00 ባለው ውስጥ ከሆነ «ለጥቅምት 5 አጥቢያ» ብላችሁ ንገሩ። አጥቢያ ሲባል አያትም ልጅም ይገባዋል። ወደ ኤርፖርት የሚኬደው ጥቅምት 4 ማታ ነው።

7. ከቤት እስከ ቤት ደምሩ

ሰው የሚደክመው በበረራው ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን ያለች አክስት ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጇ ቤት ትመጣለች እንበል። ከደብረ ብርሃን ቦሌ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ ከከተማው መጨናነቅ ጋር 3 ሰዓት ያዙ። ቦሌ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ነው፣ ፍተሻው ገና መግቢያው በር ላይ ስለሚጀምር። በረራው 16 ሰዓት ተኩል። ደላስ ላይ ለኢሚግሬሽን ሰልፍና ለሻንጣ 2 ሰዓት። ቤት ለመድረስ 1 ሰዓት። ድምሩ 25 ሰዓት ተኩል ነው። መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ የምትቆጥሩላት በዚህ ነው እንጂ በ13 ሰዓት አይደለም፤ መድኃኒቱም ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጇ ቦርሳ ይሁን።

አውሮፕላን የሚቀየርበት ትኬት ካገኛችሁ የጥበቃውን ሰዓት እዚሁ ላይ ደምሩ። ዋጋው ረክሶ 9 ሰዓት የሚያስጠብቅ ከሆነ ለወጣት ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለ70 ዓመት ሰው ግን እኔ አልመክርም። በሼንገን ሀገሮች (የጋራ ቪዛ ባላቸው የአውሮፓ ሀገሮች) በኩል ለማለፍ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፣ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ካለው በቀር።

8. በወረቀት ጻፉላቸው

እናቴ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ይህን ሁሉ ካሰላሁ በኋላ ታናሽ ወንድሜ በትልልቅ ፊደል አንድ ወረቀት ላይ እንዲጽፍላት አደረግኩ። የእጅ ሰዓቷን እንዳትነካው ነገርናት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ በአዲስ አበባ ሰዓት ነው። እንዲህ ይላል፦

«ማታ 4:45 ትነሻለሽ። ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ያርፋል፣ ገና አልደረስሽም፣ አትነሺ፣ ነዳጅ ነው። 1 ሰዓት ላይ እንደገና ይነሳል። ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ደርሰሻል። እዚያ ጠዋት ነው። ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።»